ጓንግ ሳይሞላ

ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ መተማ ዮሐንስ

የውሃ ቦቴው እንደገና ቆመ። ሾፌሩ "ፓምፑ ነው" ይላል፤ መካኒኩ "ሾፌሩ ነው" ይላል። ወታደሩ በጀሪካን ከጉድጓድ ሲቀዳ ዋለ። ሙቀቱ… ምን ይባላል? ሽጉጤን ከጠረጴዛ ላይ ሳነሳ እጄን ፈጀኝ።

ከሰዓት ሻለቃ ቢሻው ለወታደሩ የፖለቲካ ትምህርት ሰጠ። የብርጌዱ ኮሚሳር ነው። በማዕረግ ከእኔ በታች፣ በሥልጣን ግን… ማን ያውቃል? አዛዡ እኔ ነኝ፤ እሱ ካልፈረመበት ግን የእኔ ወረቀት ከግቢ አይወጣም። ስለ ኢምፔሪያሊዝም አወራ፣ አወራ። ፊት የተቀመጡት ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። ጎበዞች!

ፀሐይ ሲበርድ ዘሊካ ሻሂ ቤት ሄጄ ከርከዴ ጠጣሁ። ሱዳኖች መኮንኑን "ጀናቡ" ነው የሚሉት፤ እሷም ከእነሱ ወስዳ እንደዚያ ትጠራኛለች። "ጀናቡ፣ ፊትዎ ከሰለ። ሚስትዎ ቢያዩዎት አያውቁዎትም" አለችኝ። ሳቅሁ። ሀብትነሽን ከጥምቀት ወዲህ አላየኋትም። ጎንደር እኮ ሩቅ አይደለም። ሩቁ ፈቃዱ ነው።

ግንቦት 15

ትዕዛዝ መጣ። ከጓንግ ወንዝ ማዶ፣ ወንበዴው የሚመላለስበት ኮረብታ ላይ አንድ ሻምበል ጦር ይስፈር ይላል። ክረምቱን በሙሉ።

ክረምቱን! ጓንግ ክረምት ሲገባ ይሞላል። ሲሞላ መኪና ቀርቶ ዋናተኛ አያሻግርም። በዚያ በኩል ድልድይ የለ፣ ጀልባ የለ። ማዶ የቀረ ሰው ውሃው እስኪጎድል እዚያው ነው። ስንቅ በምን ይደርሰዋል? መድኃኒትስ? አገሩ የወባ አገር…

በሬዲዮ አስረዳሁ። የበላይ አለቃዬ እስክጨርስ ሰማኝና "ኮሎኔል አዛናው፣ ካርታው እኔም ጋ አለ" አለኝ። አዎ አለ። ካርታው ላይ ጓንግ ቀጭን ሰማያዊ ክር ናት።

ቢሻውን "አንተስ ምን ትላለህ?" አልሁት።

"አብዮታዊ ሠራዊት ወንዝ አይበግረውም፣ ጓድ ኮሎኔል።"

እሱ ማዶ አይሰፍር!

ግንቦት 19

ማንን ልላክ? ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። መጨረሻ ላይ ሻምበል አለነን። ለምን እሱን? ስለማምነው። ደህናውን ሰው ነው ሁልጊዜ ክፉ ቦታ የምንልከው።

በሱማሌው ጦርነት ጊዜ እኔ ሻምበል ነበርሁ፣ እሱ አዲስ ምክትል መቶ አለቃ። ካራማራ ላይ ጭኔን ስመታ ተሸክሞ ከዳገቱ ያወረደኝ እሱ ነው። "ኧረ ቀስ በል!" እያልሁ ስጮህበት "ዝም ይበሉ፣ ክብደትዎ ይበቃኛል" ይለኛል። እየሮጠ እኮ ነው።

ዛሬ ሲሰናበተኝ "ጓንግ ሳይሞላ ያወጡናል አይደል?" አለኝ።

"አወጣችኋለሁ።"

በምን ሥልጣኔ ነው እንዲህ ያልሁት?

ሰኔ 4

ዝናብ። ዋልካው አንድ ኡራል የጭነት መኪና ዋጠ። ጎማው አይታይም።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ከአለነ ጋር በሬዲዮ ተገናኘን። ድምፁ ይቆራረጣል።

"ወባ ገብቶብናል… ኪኒኑ አልቋል… ምሽግ የሚይዝ ሰው እያጣሁ ነው።"

"የሚቆም ስንት አለህ?"

"ጠዋት የቆመው ከሰዓት ይተኛል፣ ጓድ ኮሎኔል። ምን ብዬ ልቁጠርልዎት?"

ሄሊኮፕተር ጠየቅሁ። የለም፤ ለሌላ ግንባር ተይዛለች። ሪፖርት ጽፌ ለቢሻው ሰጠሁት። አነበበ፣ መለሰልኝ።

"ሞራል የሚያላሽቅ ነው። እኔ አልፈርምም።"

"በሽታ ነው እኮ የጻፍሁት፤ ወባ! ወባ ሞራል አላት?"

"አጻጻፉ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል። አጻጻፉ ተስፋ መቁረጥ ይታይበታል።"

አጻጻፉ! ወረቀቱን ቀድጄ ወጣሁ። ሞኝነት ነው፤ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍሁ። "አንዳንድ ጓዶች መጠነኛ የጤና እክል…" እያልሁ። እሱን ፈረመ። ከላይ መልሱ ምን ሆነ? "እክሉ መጠነኛ ከሆነ ይታገሡ።"

ሰኔ 20

ራሴ ወንዙ ድረስ ወረድሁ። በመኪና የሚኬደውን ሄጄ የቀረውን በእግሬ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። ውሃው ቀይ ሆኗል፤ ግንድ ያወርዳል። ደረት ይደርሳል አሉኝ።

አለነ ማዶ ዳር ድረስ መጣ። ከዚህና ከዚያ ሆነን ተጯጯህን። ከስቷል። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ውሃው ግማሹን ንግግር ይወስደዋል። የሰማሁት "ቀብረናል" የሚለውን ነው። ማንን? ስንት? አልሰማሁም። ደግሜ ጠየቅሁት፤ እጁን አወዛወዘና ሄደ።

ሰኔ 22

ጦሩን ላውጣ ብዬ ጠየቅሁ። "ባለህበት ጽና።" ከሰዓት ደግሜ ጠየቅሁ። "ይህን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳልሰማ።"

እኔ ምን ባለሁበት ልጽና? እኔ ያለሁት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። የሚጸኑት እነሱ ናቸው።

ሰኔ 23

ከጭልጋ ወጥቼ ስቀጠር ጢም አልነበረኝም። በጃንሆይ ጊዜ፣ ተራ ወታደር። አሥር አለቃ ሆንሁ፣ ሃምሳ አለቃ ሆንሁ፣ ከዚያ የመኮንንነት ኮርስ። ጃንሆይ ወረዱ። አለቆቼ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ… እኔ ራሴን ደፍቼ ሥራዬን ሠራሁ። ኦጋዴን ሂድ አሉኝ፣ ሄድሁ። ኤርትራ ሂድ አሉኝ፣ ሄድሁ። ሜዳልያ አንጠለጠሉልኝ። መተማ ሲልኩኝም "ለዕድገት ነው" ብለው ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን "እምቢ" ብዬ አላውቅም። ልምዱ የለኝም። እንዴት ነው የሚባለው? በጽሑፍ ነው?

ሰኔ 25

አወጣኋቸው።

ጠዋት ለአለነ በሬዲዮ "ጦርህን ይዘህ ወንዝ ዳር ውረድ" አልሁት። "ትዕዛዝ ነው?" አለ። "የእኔ ትዕዛዝ ነው።" "እሺ።"

ወፍራም ገመድ ወዲህ ዳር ካለ ዛፍ አስረን፣ ሌላውን ጫፍ አንድ ዋናተኛ አሻግሮ ከሮቃ ዛፍ ጋር አሰረው። ሕመምተኛው በጓደኛው ትከሻ ላይ፣ ጤነኛው ገመዱን ይዞ። ውሃው አንገት ደርሷል። ቢሻው ዳር ላይ ዣንጥላ ይዞ ቆሟል።

"ይህ የእርስዎ የግል ውሳኔ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል። እኔ የለሁበትም።"

"የለህበትም። መንገድ ልቀቅ፣ ሰው ይለፍ።"

ብዙዎቹ ተሻገሩ። ጭቃው ላይ ይወድቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። መጨረሻ አካባቢ ደምለው የሚባል መትረየስ ተኳሽ ገባ። መትረየሱን በጀርባው አዝሏል። መሐል ሲደርስ ግንድ መጥቶ ገመዱን መታው። እጁ ለቀቀ።

"ጣለው! መትረየሱን ጣለው!" እያልሁ ጮህሁ። ሰምቶኛል። ዞሮ አይቶኛል። አልጣለውም።

መሣሪያ የጣለ ወታደር ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ማን ነገረው? እኛ ነን የነገርነው። በየሳምንቱ፣ ሰልፍ ላይ።

ሰኔ 26

ቁልቁል ወንዙን ተከትለን ፈለግን። የለም። ከኮኪት በኩል የመጡ ገበሬዎችም አብረውን ፈለጉ። አንዱ ሽማግሌ "ጓንግ የወሰደውን ለሱዳን ነው የሚሰጥ" አሉኝ።

ሐምሌ 3

ወንበዴው ባዶውን ኮረብታ ያዘ። በሬዲዮናቸው "ደመሰስን፣ ማረክን" እያሉ ሲፎክሩ ዋሉ። ማንን ማረኩ? ባዶ ጉድጓድ ማረኩ።

ከላይ ግን ማን ይሰማል? አለቃዬ ደወለ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም። "ከማን ጋር ተነጋግረህ ነው ያስረከብኸው?" አለኝ። እኔን! ተነጋግሬ!

ሐምሌ 5፣ አቦ

ጓንግ ሞላ። ወዲህ ዳር ያሰርንበትን ቦታ እንኳ ውጦታል። እሺ፣ ለማን ላሳይ?

ሐምሌ 14

ገምጋሚ ቡድን መጣ። በምን መጣ? በሄሊኮፕተር። ለወባ ያልተገኘችው ሄሊኮፕተር ለግምገማ ተገኘች። ስትወርድ ቆሜ አየኋት። ወታደሮቹም ቆመው አዩ።

ሐምሌ 16

ግምገማው ዛሬ ነበር።

አዳራሹን ሞሉት። ፊት ለፊት ገምጋሚዎቹ፣ ከጎናቸው ቢሻው። ክሱ ተነበበ፦ ትዕዛዝ መጣስ፣ የአብዮቱን መሬት ለጠላት ማስረከብ፣ ወታደርና መሣሪያ ማስጠፋት። "ቀኝ መንገደኛ" የሚልም አለበት። እኔ መንገዱን የት አግኝቼው?

አስረዳሁ። ስለ ወባው፣ ስለ ውሃው። ሰብሳቢው "ስሜታዊነት ነው" አለ። "እንግዲያ ሻምበሉን ጠይቁት" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት! በራሴ አፍ!

አለነ ተነሳ። ዓይኑ ገና ቢጫ ነው።

"ጓድ ሻምበል፣ ጦሩ ቦታውን ይዞ መቆየት ይችል ነበር ወይስ አይችልም?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚለውን ለመስማት ሁሉም ወደ ፊት ጎበጥ አለ።

"ይችል ነበር።"

"ታዲያ ለምን ለቀቃችሁ?"

"ጓድ ኮሎኔል አዘዙኝ።"

"አንተ በውሳኔው ታምንበት ነበር?"

"አላምንበትም ነበር።"

"አለነ" አልሁት። "እስቲ ቀና በልና እየኝ።"

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። "ምስክር ማስፈራራት ክልክል ነው!"

ቀና አላለም።

ሐምሌ 17

ያኔ ካራማራ ላይ ለምን አልተወኝም? እዚያው ብሞት ጀግና ነበርሁ።

ሐምሌ 18

ሚስት አለው፤ ልጆች አሉት። ቢሻው ከግምገማው በፊት ለብቻው ጠርቶ እንዳነጋገረው ሰማሁ። ምን እንዳለው መገመት አይከብድም። አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም… አሁን በሩን አንኳኩቶ ቢገባ በጥፊ ነው የምለው።

ሐምሌ 20

ጦሩ ተሰልፎ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ውሳኔው ተነበበልኝ። ከሠራዊቱ በውርደት ተሰናብቷል። ማዕረጉ ተገፏል። ጡረታው አይከበርም። ባለመረሸኔ አብዮቱን እንዳመሰግን ተነገረኝ።

የትከሻ ምልክቴን ያነሳው ቢሻው ነው። አንዱ ወገን አልላቀቅ አለው። ሲታገል አየሁና እኔው አላቅቄ ሰጠሁት። "አመሰግናለሁ" አለኝ። ከልቡ እኮ ነው! ግራ የገባው ሰው…

የአለነ ሻምበል በግራ በኩል ተሰልፎ ነበር። ተሸክመው ያሻገሯቸው ሁሉ። መሬት መሬት ያያሉ። አለነ ራሱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ እሱም መሬቱን ያያል። ይህን ሁሉ ሰው ከውሃ አውጥቼ የሚያየኝ አንድ ዓይን አጣሁ።

ከሰዓት ዘሊካ ሻሂ ይዛ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣች። ዘበኛው ሊከለክላት ሲል ገፍታው ገባች።

"ጀናቡ፣ ይጠጡ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ጀናቡ አይደለሁም፣ ዘሊካ።"

"ታዲያ ምን ልበልዎት?"

ሻሂውን ተቀብዬ ጠጣሁ።

ሐምሌ 23

በጭነት መኪና ወደ ጎንደር። ሸሕዲ ሳንደርስ ጭቃ ያዘን። ሾፌሩ "ውረዱና ግፉ!" አለ። ሁሉም ወረደ። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ፤ ለካ ለእኔም ነው የተባለው። የማሽላ አረም ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የጎጃም ሰው በሩን ከፍቶ "አባቴ፣ እርስዎም ይግፉ እንጂ፤ ሁላችንም መድረስ እንፈልጋለን" አለኝ።

ወርጄ ገፋሁ። ጭቃው ፊቴን ሞላው። አባቴ ነው ያለኝ? ያን ያህል አርጅቻለሁ?

ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ ጎንደር

ቤት ነኝ። ምን ይሠራል ቤት? ወንበሩን ወደ ፀሐይ አወጣለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ አስገባለሁ። የድሮ ባልደረባዬ ፒያሳ ላይ ሲያየኝ መንገድ አቋረጠ። አልፈርድበትም። እፈርድበታለሁ!

ቀበሌ ጠርተው "ከእንግዲህ በምን ትተዳደራለህ?" አሉኝ። አንተ ነው የሚሉኝ፤ ልጄ የሚሆነው ሁሉ።

ሀብትነሽ ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ሰው አድነህ ነው የመጣኸው፤ ሰርቀህ አልመጣህ! ምን ያስቀረቅርሃል?"

"አንዱን አስበልቻለሁ።"

"የቀሩትስ? የቀሩትን አትቆጥራቸውም?"

"የቀሩት አልመሰከሩልኝም።"

"እንዲመሰክሩልህ ነው እንዴ ያወጣሃቸው?"

ተነስቼ ወጣሁ። የቡሄ ልጆች በር ላይ ይጨፍራሉ፤ እየገፋሁ አለፍኋቸው። እነሱ ምን አደረጉኝ?

መስከረም 8 ቀን 1978

የሀብትነሽ ወንድም አምባው አዘዞ ላይ ወፍጮ አለው። "ና፣ ሚዛኑን ያዝልኝ" አለ። ያዝሁ። ብርጌድ የያዝሁ ሰውዬ የዱቄት ሚዛን… ሴቶቹ ተራ ሲጋፉ በወታደር ድምፅ "በመስመር!" አልሁ። ድንግጥ ብለው ተሰለፉ፤ ወዲያው ሳቁ። አንዷ "ጋሼ፣ እኛ እኮ አልተመለመልንም!" አለችኝ። ከሐምሌ ወዲህ ዛሬ ሳቅሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 17

ወፍጮ ቤት አንድ ክራንች የያዘ ወታደር መጣ። ዘመድ ጥየቃ ነው። አወቀኝ፤ ከአለነ ሻምበል ነበር፣ ገመዱን ይዘው ከተሻገሩት። ደነገጠ። ወደ ጓሮ ወስጄ አስቀመጥሁት።

ጓንግ እንደጎደለ ትዕዛዝ መጥቷል። ኮረብታውን መልሳችሁ ያዙ። ያ ሻምበል እንዲሄድ ተደረገ፣ "ስሙን እንዲያጥብ"። በጠራራ ፀሐይ ዳገት ወጡ።

"ያዛችሁት?"

"ያዝነው። በሳምንቱ ልቀቁ አሉን፤ አያስፈልግም ተባለ።"

"አለነስ?"

ልጁ ክራንቹን አየ። "ፊት ፊት ሲሄዱ ነበር። 'ተከተሉኝ' እንኳ አላሉንም። ዝም ብለው ሄዱ፤ እዚያው ዳገቱ ላይ ወደቁ።"

ክፉ ተመኝቼለት ነበር። አልደብቅም፤ እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ? ሲደርስበት ግን… ደስ አላለኝም። አላለቀስሁምም። ሚዛኑ ላይ ቆሜ የጤፉን ለገብስ፣ የገብሱን ለጤፍ ሳሳስት ዋልሁ። አምባው "ምን ሆነሃል?" አለኝ። ምን ልበለው? የገዛ ቁጣዬ ባለቤት አልባ ሆነብኝ። የምቆጣው ሰው የለም።

ጥቅምት 28

ከንቱ! ያዙት፣ ለቀቁት። ታዲያ ለምን? ቀን ሙሉ ይኸንኑ። ለምን?

ኅዳር 13

ዛሬ ከቀትር በፊት ጥቁር የለበሰች ሴት ወፍጮ ቤት ገባች። እህል አልያዘችም። ተራዋን ጠብቃ ሚዛኑ ዘንድ ደረሰችና ቆመች።

"ኮሎኔል አዛናው እርስዎ ነዎት?"

"አዛናው ነኝ። ኮሎኔሉ ቀርቷል።"

"አገኘሽ እባላለሁ። የአለነ ሚስት ነኝ።"

ሚዛኑን ለአምባው ሰጥቼ ውጭ ጥላው ሥር ወሰድኋት። አልቀመጥም አለች። ቆመን ተነጋገርን።

"ዳግመኛ ማዶ ሳይሄድ ፈቃድ አግኝቶ መጥቶ ነበር" አለች። "እንቅልፍ የለውም፤ ምግብ አይበላም። ምን ሆነሃል ብዬ ስጠይቀው ስለ እርስዎ ነገረኝ። ሲገመገሙ ሰው ሁሉ ዝም ሲል እሱ ብቻውን ተነስቶ 'ኮሎኔሉ ባያወጡን አልቀን ነበር' ብሎ እንደተከራከረልዎት።"

እጄ ላይ የቀረውን ዱቄት አራገፍሁ።

"ከዚያ በኋላ ነው ወደዚያ ሞት የሰደዱት። እኔ እንግዲህ… ለእርስዎ ሲል ነው የሞተ እያልሁ ስቃጠል ከረምሁ። እርስዎን ጠላሁዎት። በቤቴ ተቀምጬ ረገምሁዎት። የሰፈር ወታደር ሚስቶች ደግሞ ሌላ ሌላ ያወራሉ። እንዲያውም መስክሮባቸው ነው የሚሉ አሉ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ከአፍዎ ልስማው። ተናግሮልዎት ነበር? እውነት ነው?"

እውነቱን ብነግራት እኔ ከእርግማኗ ነፃ ነኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ከሐምሌ ጀምሮ ለአንድ ሰው፣ ለማንም ይሁን፣ ልናገራት ስፈልግ የከረምሁት ቃል።

"እውነት ነው" አልሁ። "ተናግሮልኛል። ከሁሉም ፊት ቆሞ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እንግዲያ ለእርስዎ ነው የሞተ።"

"አዎ።"

"እግዜር ይይልዎ" አለች። መርገም ይሁን ምስጋና አልገባኝም። እሷም የገባት አይመስለኝም። ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። "ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። አባታችሁ ቆሞ ተናገረ ብዬ።" ከዚያ ሄደች። ወደ ሚዛኑ ስመለስ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

ቤት ገብቼ ለሀብትነሽ ነገርኋት። ያጠበችውን ሳህን ይዛ ቆመች።

"ታዲያ ዕድሜ ልኳን ትጠላሃለች እኮ።"

"ትጥላኝ" አልኋት። "እኔ እሱን ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።"